ፍሎይድ ከተማ አርብ ማታ የሰማሁት ባንጆ፦ ይሄን ሙዚቃ የሚያውቅ ሰው አለ?

መንገደኛ81

ሰላም ጤና ለሁላችሁ። ትራክ ነው የምነዳው። አይ-81ን ከፔንሲልቬንያ እስከ ቴኔሲ እንደ ሰፈሬ መንገድ አውቀዋለሁ፣ ግን ከአውራ ጎዳናው ወጣ ብዬ አይቼ አላውቅም ነበር። ባለፈው ወር ክርስቲያንስበርግ፣ ቨርጂኒያ ስደርስ ሞተሩ ሞቀ፤ ራዲያተሩ ውሃ ያፈሳል። መካኒኩ አየና "ዕቃው የሚመጣው ሰኞ ነው" አለኝ። ቀኑ አርብ። ሞቴል ገብቼ ጣሪያ ልቆጥር ስል እሱው መካኒክ፣ ስድሳውን ያለፈ ሰውዬ፣ "ማታ ፍሎይድ ልጨፍር ነው የምሄደው፣ ከሰለቸህ ና" አለኝ። ምን ይደርስብኛል ብዬ ፒክአፑ ላይ ወጣሁ።

ፍሎይድ ተራራ ላይ ያለች ሚጢጢ ከተማ ናት። በመላው ወረዳ አንድ የትራፊክ መብራት ብቻ ነው ያለው አለኝ። የገባነው ደግሞ አዳራሽ እንዳይመስላችሁ፣ ሱቅ ነው። ፍሎይድ ካንትሪ ስቶር ይባላል፤ ቱታ ልብስ፣ ከረሜላ፣ ምናምን የሚሸጥበት። አርብ ማታ ወንበር ይደረደርና መሃሉ ለጭፈራ ይለቀቃል። መጀመሪያ መዝሙር ተዘመረ፤ እኔማ ጉባኤ አመጣኝ እንዴ ብዬ ነበር። ከዚያ አንድ ፊድል (ያው ቫዮሊን)፣ አንድ ባንጆ (ክራር ቢጤ፣ ገላው እንደ ከበሮ የተወጠረ)፣ አንድ ጊታርና ያ ትልቁ ቆሞ የሚመታው ባስ ወጡ። ከበሮ የለም። ጀመሩ።

ያው አንድ ዜማ ነው። ይዞራል፣ ይዞራል፣ ይዞራል። ማንም ተነጥሎ አይጫወትም፣ ማንም አያርፍም። መጀመሪያ "አሁን ይሄ ምኑ ይወደዳል?" አልኩ። አምስት ደቂቃ ሲሞላው ግን እግሬ ሳላዘው ወለሉን ይመታ ጀመር። በመጨረሻ ፊድል የሚጫወተው ሰውዬ አንድ እግሩን ከመሬት አነሳ። ጅማት ያዘው ብዬ ደነገጥኩ። ሁሉም በአንዴ ቀጥ! ለካ "ይሄ የመጨረሻው ዙር ነው" የሚባባሉበት ምልክት ነው።

ጭፈራው ደግሞ የኛ ተቃራኒ። እግር ብቻ ነው። ጫማቸው ሥር ብረት አለ፤ ወለሉን እንደ ከበሮ ይቀጠቅጡታል። ከወገብ በላይ ግን ትከሻቸው ሙት ነው። እናቴን የሚያህሉ አንዲት ሴትዮ እጄን ይዘው አስነሱኝ። እግሬ እምቢ ቢለኝ ትከሻዬን ለቀቅሁት፤ ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

እዚያ ቤት ውስጥ ጥቁር እኔ ብቻ ነበርኩ። ሲመልሰኝ መካኒኩ "ባንጆ እኮ የመጣው ከአፍሪካ ነው" አለኝ። እውነቱን ነው ወይስ እንግዳ ደስ እንዲለው ነው? ደግሞስ ይሄን ሙዚቃ የሚጫወቱ ጥቁሮች አሉ?

ሸገር_ነኝ

ጋሼ፣ ራዲያተሩስ ተሠራ? 😂 ቪዲዮ ካለ ይለቀቅልን፤ በተለይ የትከሻው።

ባንጆ_ጀማሪ

ጋሼ መካኒኩ እውነቱን ነው የነገረዎት። እኔ ደራም፣ ኖርዝ ካሮላይና ነው የምኖረው፤ ባንጆ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው (አሁንም ጀማሪ ነኝ፣ ስሜን አልቀየርኩም)። የሰሙት "ኦልድ ታይም" የሚባለው ነው። ብዙ ሰው ከብሉግራስ ጋር ያምታታዋል። ብሉግራስ በ1940ዎቹ በእነ ቢል ሞንሮ የመጣ ነው፤ ባንጆ ተጫዋቹ ኧርል ስክረግስ 1945 ላይ ከሞንሮ ጋር ሲቀላቀል በሦስት ጣት ወደ ላይ እየለቀመ በፍጥነት የሚጫወተውን አመጣ። እዚያ ሁሉም በየተራው ወጥቶ ችሎታውን ያሳያል። ኦልድ ታይም ከዚያ ይቀድማል፤ ለጭፈራ ነው፤ ሁሉም አንዱን ዜማ አብሮ ይዞ ይሄዳል። ተራ የለም። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።)

የባንጆው እጅ ክሎሃመር ይባላል። ጣትህን እንደ ድመት መዳፍ ሰብሰብ ታደርግና በጥፍርህ ጀርባ ወደ ታች ትመታለህ፤ አውራ ጣትህ አጭሯ አምስተኛ ክር ላይ ያርፋል፣ ሲነሳ እሷን ጎትቶ ይነሳል። ያቺ አጭር ክር ዜማ አትጫወትም። አንድ ድምፅ ይዛ ከላይ ትጮሃለች።

አሁን ወደ ጥያቄዎ። ሴኔጋልና ጋምቢያ ውስጥ ጆላ የሚባሉ ሕዝቦች አኮንቲንግ የሚሉት መሣሪያ አላቸው። ገላው ቅል ነው፣ ላዩ ቆዳ፣ አንገቱ ክብ እንጨት፣ ሦስት ክር፤ ከሦስቱ አንዷ አጭር ናት፣ አውራ ጣት የሚስባት። የሚመታውም በጥፍር ወደ ታች። መጀመሪያ ቪዲዮውን ሳይ ለአስተማሪዬ ላኩለትና "እጁን ተመልከት" አልኩት። አኮንቲንግ ብቻውን የባንጆ አባት ነው ማለት አይደለም፣ ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ ዘመዱ ብዙ ነው። ግን ባንጆ በባርነት የመጡ ሰዎች እዚህና ካሪቢያን ውስጥ የሠሩት ነገር ለመሆኑ ክርክር የለም። ቶማስ ጄፈርሰን ራሱ በ1780ዎቹ ስለ ቨርጂኒያ በጻፈው መጽሐፍ ከአፍሪካ ያመጡት መሣሪያ ብሎ ጠቅሶታል። ፊድሉ ከስኮትላንድና ከአየርላንድ ሰፋሪዎች ጋር መጣ። ሁለቱ ተራራው ሥር ተገናኙ። እርስዎ ፍሎይድ ያዩት የዚያን ጋብቻ ልጅ ነው።

የወሎ_ልጅ

ባንጆ_ጀማሪ ተባረክ! እኔማ ሁሌም እላለሁ፣ ይሄ ሙዚቃ ማሲንቆ ማሲንቆ ይላል። አንዱን ሰምቼ ቁርጥ አምባሰል! ቆዳው፣ ክሩ፣ ዜማው እየዞረ መምጣቱ። የኛ ነገር ሄዶ ሄዶ የት አልደረሰም?

ባንጆ_ጀማሪ

ወንድሜ እንዳትቀየመኝ፣ ሁሉንም ነገር ወደ አክሱም አንጎትት። መንገዱ ከምዕራብ አፍሪካ ነው፣ በመርከብ፣ በሰንሰለት። ከእኛ ጋር አይገናኝም። አንዳንዶቹ ዜማዎች ባለ አምስት ድምፅ ስለሆኑ ጆሯችን "አወቅሁት" ይላል፣ እሱ እውነት ነው። እኔንም አታሎኛል።

አንድ የሚመሳሰል ነገር ከፈለግህ ግን ቅኝቱን ልስጥህ። እነዚህ ሰዎች እንደ ዜማው ክራቸውን እንደገና ይቃኛሉ። ፊድሉ ከተለመደው ቅኝት ወጥቶ ሁለቱን ወፍራም ክሮች ከፍ ያደርግና ባዶዎቹ ክሮች አብረው እንዲያስገመግሙ ያደርጋል። ባንጆውም እንዲሁ፤ አንደኛው ቅኝት "ሶውሚል" (የእንጨት መሰንጠቂያ) ነው የሚባለው። መቃኘት ጊዜ ስለሚበላ ክብ ሠርተው ሲቀመጡ አንዴ በገቡበት ቅኝት ሰዓት ሙሉ ይቆያሉ። አንዱ መጥቶ በሌላ ቅኝት ያለ ዜማ ቢጠይቅ ፊቱን ነው የሚያዩት። ይሄን ክራር ለሚጫወት ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

የወሎ_ልጅ

እሺ ገባኝ፣ አክሱምን ተውኩት 😄 የቆዳውን ግን አልተውም። የምን ቆዳ ነው? የኛ የፍየል ነው፤ ክረምት ሲገባ ይረግብና ድምፁ ይሞታል፣ አጎቴ እሳት ዳር አስጠግቶ ነበር የሚያነቃው።

ባንጆ_ጀማሪ

ይሄማ አንድ ነው! ዛሬ አብዛኛው ባንጆ ፕላስቲክ ነው የሚለብሰው። ድሮ ተራራው ላይ ግን ግራውንድሆግ የሚሉትን ጉድጓድ ቆፋሪ አውሬ ገፈው ነበር የሚወጥሩት፤ የድመት ቆዳ የወጠሩም አሉ። ቆዳ ያለው ባንጆ ዝናብ ሲመጣ ይረግባል፣ ድምፁ "ቡፍ ቡፍ" ይላል።

ሲልቨር_ስፕሪንጓ

ጋሼ፣ ጥቁሮች አሉ ወይ ላልከው፦ በ2024 የወጣውን የቢዮንሴን የካንትሪ ዘፈን ሰምተኸዋል አይደል? ልጄ መኪና ውስጥ ስንት ጊዜ እንዳስደመጠችኝ። መግቢያው ላይ የምትሰማው ባንጆ የሪያነን ጊደንስ ነው። ይቺ ሴትዮ ኦፔራ ነው የተማረችው፤ ከዚያ ዞራ ባንጆና ፊድል ያዘች። በ2023 የሙዚቃ ፑሊትዘር ተሸልማለች፣ በአረብኛ የራሱን ታሪክ ጽፎ ስለተወ ባሪያ ከማይክል ኤብልስ ጋር በሠራችው ኦፔራ። እሷ የጀመረችበት ባንድ አለ፣ ካሮላይና ቸኮሌት ድሮፕስ። ባንጆ_ጀማሪ አንተ ጎረቤታቸው ነህ፣ ቀጥልበት።

ባንጆ_ጀማሪ

እህቴ፣ የምወደውን ነካሽ፤ ስለዚህ ረዘም ይላል።

በ2005 ሚያዝያ ላይ ቡን፣ ኖርዝ ካሮላይና የጥቁር ባንጆ ተጫዋቾች ስብሰባ ተደረገ። ሪያነን ጊደንስ፣ ዶም ፍሌመንስና ጀስቲን ሮቢንሰን የተገናኙት ያን ጊዜ ነው። ሦስት ወጣቶች፣ ኋላ ካሮላይና ቸኮሌት ድሮፕስ የሆኑት። እዚያው ጆ ቶምፕሰን የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። የተወለዱት በ1918 ነው፤ 86 ዓመታቸው ነበር። ሜባን የምትባል ከተማ ነዋሪ፤ የኖሩት ዕቃ ቤት... ይቅርታ፣ የቤት ዕቃ ፋብሪካ ውስጥ ተቀጥረው እየሠሩ ነው። ፊድል ከቤተሰብ የወረሱት ነው። ልጅ እያሉ ጎረቤት ተሰብስቦ በቆሎ ይላጣል (ደቦ በሉት፣ ሌላ ስም የለውም) ሥራው ሲያልቅ ክፍሉ ይጠረግና እነ ጆ ሲጫወቱ ያድራሉ። ባንጆ የሚይዝላቸው የአጎታቸው ልጅ ኦዴል ነበር። ኦዴል በ1994 ሞተ። ጆ ቀሩ፣ ያን አጨዋወት የያዙ የመጨረሻ ከሚባሉት ጥቁር ፊድለኞች አንዱ ሆነው።

ልጆቹ ያደረጉት ነገር ቀላል ነው። በዚያ ዓመት በጋውንና መኸሩን ሐሙስ ሐሙስ ማታ ወደ ሜባን እየነዱ እሳቸው ቤት ሄደው ተቀመጡ። አለቀ። ኖታ የለም፣ ቲዎሪ የለም። ሰውዬው ይጫወታሉ፣ እነሱ ይከተላሉ። ዜማው ሲዞር ሲዞር በአሥረኛው ዙር ላይ አንድ ነገር ይገባሃል፣ በሚቀጥለው ሐሙስ ግማሹ ጠፍቶብሃል፣ እንደገና። እኔ ያለ ዩቲዩብ አንድ ዜማ ይዤ አላውቅም፤ ቀስ አድርጌ፣ ወደ ኋላ መልሼ ነው። ሽማግሌ ወደ ኋላ አይመለስልህም።

የባንዱ ስምም ውርስ ነው፤ በ1930 ኖክስቪል የቀረጹ ቴኔሲ ቸኮሌት ድሮፕስ የሚባሉ ጥቁር ባንድ ነበሩ፣ ከእነሱ ነው የወሰዱት። ከዚያ በ2011 ግራሚ ወሰዱ፣ በባህላዊ ፎክ። ፊድል፣ ባንጆ፣ አጥንት (አዎ አጥንት፣ ሁለቱን ጣት መሃል ይዞ ማንኳኳት) እና የሚነፋ እንስራ መሰል ጆንያ... ኧረ ጆንያ አይደለም፣ ማሰሮ፤ ዛሬ ጣቴ ይሳሳታል። ጆ በ2012 በ93 ዓመታቸው አረፉ። ባንዱም ኋላ ተበተነ። ሚያዝያ 2025 ሪያነን እዚሁ ደራም ባዘጋጀችው ፌስቲቫል ላይ እንደገና አንድ ላይ ወጡ። ነበርኩ። ብዙ አልልም፣ ከጎኔ የነበሩት ባልና ሚስት ሲያለቅሱ እኔም አላስቻለኝም።

ተጠራጣሪው

ደስ የሚል ታሪክ ነው፣ ግን ጥያቄ አለኝ። ግራሚ፣ ፑሊትዘር፣ ቢዮንሴ፣ ፌስቲቫል... ይሄ ማቆየት ነው ወይስ መድረክ ላይ ማሳየት? አዲስ አበባ የባህል ምግብ ቤት ገብታችሁ ታውቃላችሁ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ የአሥር ብሔረሰብ ጭፈራ፣ ልብስ መቀያየር፣ ቱሪስቱ ያጨበጭባል። ያን ባህል ማቆየት የሚለው ሰው ካለ ይንገረኝ። የጋሼ ሱቅ ይሻለኛል፤ ቢያንስ የሚጨፍሩት የሰፈሩ ሰዎች ናቸው።

ኖክስቪል_ዳር

ሰላም። እኔ ቴኔሲ ነኝ፣ ተራራው ከመስኮቴ ይታያል። በመጀመሪያ አንድ እርማት፦ ሜባን አፓላችያ (እነ ፍሎይድ ያሉበት የተራራ አገር) ውስጥ አይደለችም። ተራራው ካለቀ በኋላ ያለው ሜዳማ አገር ነው፣ ፒድሞንት ይሉታል። አጨዋወቱም ይለያል። የተራራውን ከፈለጋችሁ ቶሚ ጃሬልን ስሙ፣ ከማውንት ኤሪ አጠገብ የነበረ፤ ከ1901 እስከ 1985። የመንገድ ሥራ ግሬደር ነጂ ነበር (ጋሼ መንገደኛ፣ የእርስዎ ሰው ነው)። በ1966 ጡረታ ወጣ፤ ከዚያ ከየአገሩ ፀጉራቸውን ያሳደጉ ወጣቶች ቤቱ ድረስ መጥተው ይማሩ ጀመር፤ የመጣውን ሁሉ ይቀበላል፣ ያበላል፣ ያጫውታል። ተጠራጣሪው፣ ሐሙስ ማታም ይሄም አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ መድረኩ ኋላ የመጣ ነው።

ሁለተኛ፣ ጥቁሮቹ የት ሄዱ የሚለው አልተመለሰም። በ1920ዎቹ የሸክላ (የሙዚቃ ዲስክ) ኩባንያዎች መጡ። የጥቁሩን "ሬስ"፣ የነጩን "ሂልቢሊ" ብለው በሁለት ካታሎግ ከፈሉት። ጥቁር ሰው ፊድል ይዞ ሲመጣ "ብሉዝ የለህም?" ነው የሚሉት፣ ብሉዝ ነዋ የሚሸጠው። ስለዚህ ሸክላው ላይ የቀረው ነጭ ብቻ ሆነ፤ ኋላ የመጣ ሰው ሸክላውን ሰምቶ ሙዚቃው የነጭ ነው አለ። ከዚያ በፊት ደግሞ ከ1840ዎቹ ጀምሮ ነጮች ፊታቸውን ጥላሸት ቀብተው ባንጆ እየመቱ በጥቁር ሲያላግጡ ኖረዋል፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ጥቁር ልጅ ባንጆ መያዝ ቢያፍር ማን ይፈርድበታል?

በ1927 ብሪስቶል ላይ የተቀረጸው የካርተር ቤተሰብ፣ የካንትሪ አባትና እናት የሚባሉት፣ ኋላ ኤ.ፒ. ካርተር ዘፈን ፍለጋ ተራራ ለተራራ ሲዞር አብሮት የሚዞረው ሌስሊ ሪድል የሚባል ጥቁር ጊታሪስት ነበር። አንድ እግሩን ፋብሪካ ውስጥ በአደጋ ያጣ። ካርተር ግጥሙን ይጽፋል፣ ሪድል ዜማውን በጭንቅላቱ ይዞ ይመለሳል። ቴፕ የለም፣ ቴፑ እሱ ነው።

ባንጆ_ጀማሪ

ስለ ሜባን ልክ ነህ፣ ተቀብያለሁ።

ተጠራጣሪው

ስለ ሸክላው ያልከው አሳምኖኛል። ያኔ የተቀረጸው ብቻ "ታሪክ" ሆነ ማለት ነው። ስለ መድረኩ ግን አሁንም እንደተጠራጠርኩ ነኝ፣ ስሜ ነው።

ኖክስቪል_ዳር

ክሊፍቶፕ ብትሄድ ይለቅህ ነበር። ዌስት ቨርጂኒያ ያለ የዚህ ሙዚቃ ፌስቲቫል ነው፣ በየዓመቱ በሐምሌ መጨረሻ። ውድድር አለ፣ መድረክም አለ፣ ግን ብዙው ሰው ዝር አይልበትም። ድንኳን ተክሎ ጫካው ውስጥ ክብ ሠርቶ ይጫወታል፣ ፊቱን ወደ ጓደኞቹ ጀርባውን ላንተ ሰጥቶ። ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አልፈህ ብትሄድ ማንም ቀና ብሎ አያይህም። ተመልካች የሚባል ነገር የለም። ካምፑ ራሱ ካምፕ ዋሽንግተን-ካርቨር ይባላል፤ በ1942 ለጥቁር ገበሬ ልጆች ማሠልጠኛ የተከፈተ ነበር። ዛሬ ክቡ ውስጥ የምታየው ግን አብዛኛው ነጭ ነው፤ እሱን አልደብቅም።

ሕግ ቢጤም አለ። አዲስ ከሆንክ ከክቡ ውጭ ትቀመጣለህ፣ ዜማው እስኪገባህ በጣም ቀስ ብለህ ትጫወታለህ። ባስ አንድ ይበቃል፣ ሁለተኛ ይዘህ አትመጣም። ከበሮ ይዘህ የመጣህ እንደሆነማ... በትህትና ነው የሚሸኙህ።

ሲልቨር_ስፕሪንጓ

ከበሮ ይዛ የምትሄድ ሐበሻ እንደማትጠፋ አውቃለሁ 😂

መንገደኛ81

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ባንጆ_ጀማሪ፣ አንቱታውን ተወው፣ ትራክ ነጂ ነኝ እንጂ ዳኛ አይደለሁም። ሁላችሁንም አነበብኩ፤ አንዳንዱን ሁለት ጊዜ። የጆ ቶምፕሰንን ነገር ለባለቤቴ አነበብኩላት፣ "ፋብሪካ ውሎ ማታ ፊድል?" አለችና ዝም አለች። አባቷ በገና ደርዳሪ ነበሩ፣ ከልጆቻቸው አንድም የተማረ የለም።

አሁን አትሳቁ። ባንጆ ገዛሁ። ያገለገለ፣ ፕላስቲክ የለበሰ። ትራኩ ውስጥ አልጋው ላይ ነው የሚተኛው፣ እኔ ጥጉን ይዣለሁ። ማታ ማታ ትራክ ስቶፕ ላይ ሞተሩን አጥፍቼ እለማመዳለሁ። ያን "ባም-ዲቲ፣ ባም-ዲቲ" የሚሉትን ምት አሥር ቀን ሙሉ ሌላ ምንም ሳልነካ መታሁ። ጥፍሬ አልቋል። አንድ ቀን ሌሊት መስኮቴ ተንኳኳ፤ ጎረቤቴ የቆመ ሾፌር ሊሰድበኝ ነው ብዬ ከፈትኩ። "አውራ ጣትህ ዘግይቷል" ብሎኝ ሄደ። ደቡባዊ ነው በአነጋገሩ።

መካኒኩ ጋ ደወልኩ፤ ክርስቲያንስበርግ አርብ የማድርበትን ጭነት እየፈለግኩ ነው።

አንድ ችግር ብቻ፤ ትናንት ስቃኝ አምስተኛዋ ክር ተበጠሰች። ሱቅ ስገባ ምን ብዬ ልጠይቅ?

ባንጆ_ጀማሪ

😂😂 "አውራ ጣትህ ዘግይቷል" ያለህ ሰው ልክ ነው፣ የሁላችንም ይዘገያል።

አምስተኛዋን ለብቻ አትፈልግ። አብዛኛውን ጊዜ አንደኛዋና አምስተኛዋ እኩል ውፍረት ናቸው፤ ባለ 9 ወይም ባለ 10 በል። የአንደኛዋን ሁለት ሦስት ትርፍ ግዛና ጓዳህ ውስጥ ጣላት፣ ትረዝማለች እንጂ አታጥርም፤ ትርፉን ትቆርጠዋለህ። ስትቃኝ ደግሞ ቀስ። እየነካካህ አዳምጥ እንጂ አንዴ አትጠምዝዛት፤ ስትበጠስ ፊትህን ታገኘዋለች፣ መነፅርህን አድርግ።

ሸገር_ነኝ

ቪዲዮው ግን አልመጣም።